ቀዝቃዛውን ብርሃን ያስተዋለ ተላላኪ

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ በሠፈራችን መብራት ጠፋ። እናቴ በወጥ ቤት ሥራ ላይ ስለ ነበሩ የእጅ ስልኬን መብራት አብርቼ ያዝሁላቸው። እንዲሁ ቆሜ ሳለሁ ጣቴን በመብራቱ ላይ ባደርግ አላቃጠለኝም። ቀድሞ በቤታችን የነበረው ባለ ክር አምፖል ግን በርቶ በቆየ ጊዜ በጨርቅ ካልሆነ በቀር በእጅ የማይነካ እንደ ነበረ አስታወስሁ። ሁለቱም ብርሃን ይሰጣሉ፤ አንደኛው ያቃጥላል፤ ሁለተኛው አያቃጥልም። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብዬ የፊዚክስ መምህራችንን ብጠይቃቸው መልሱን ከመንገር ይልቅ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ እንዳነብ አዘዙኝ። ያ ሰው የሩስያው ተወላጅ ኦሌግ ሎሴቭ ነው።

የሎሴቭን ስም የሳይንስ ሊቃውንት በክብር ያነሡታል፤ በየቤታችን መብራቱን የምናበራው ሰዎች ግን አብዛኞቻችን አናውቀውም። ስለዚህ ታሪኩን ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆቻችን በአጭሩ ለማቅረብ ተነሣሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ኦሌግ ሎሴቭ በሜይ 10 ቀን 1903 ትቬር በምትባለው ከተማ ተወለደ። ትቬር ከሞስኮ በስተ ሰሜን ምዕራብ በቮልጋ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። አባቱ በከተማዋ በነበረው የባቡር ፉርጎ ፋብሪካ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበሩ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን በዚያች ከተማ ከሩቅ አገር የሚመጣ ወሬ የሚቀበል የራዲዮ ጣቢያ ቆሞ ነበር። ሎሴቭ ገና ተማሪ ሳለ የዚሁ ጣቢያ አለቃ ስለ ራዲዮ ለሕዝብ ያደረጉትን ንግግር ሰማ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቡ በራዲዮ ተነደፈ፤ በቤቱም ከልዩ ልዩ ነገር መሣሪያ እየሠራ ይሞክር ጀመር።

በ1917 በሩስያ አብዮት ተነሣ፤ አገሩም ተናወጠ። በ1918 የትቬር ራዲዮ ጣቢያ ሊቃውንት ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ወደምትባል ሌላ የቮልጋ ዳር ከተማ ተዛውረው ትልቅ የራዲዮ ላቦራቶሪ አቋቋሙ። ሎሴቭም በ1920 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ እነርሱን ተከትሎ ሄደ። የዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማ አልነበረውም፤ ስለዚህ በዚያ ላቦራቶሪ መጀመሪያ ያገኘው ሥራ ተላላኪነት ነበር። ወረቀት ከክፍል ወደ ክፍል ያመላልሳል፤ የላኩትን ያመጣል። ማደሪያውም በዚያው በላቦራቶሪው ሕንፃ ወደ ጣሪያ ሥር በሚያወጣው ደረጃ መቆሚያ ላይ እንደ ነበረ ይነገራል። ይሁን እንጂ ቀን የተላላኪነቱን ሥራ ሲሠራ ውሎ፣ በተረፈው ሰዓት መሣሪያ ይዞ ይመራመር ነበር። ከላቦራቶሪው ሊቃውንት አንዱ የነበሩት ፕሮፌሰር ሌቤዲንስኪም የልጁን ትጋት አይተው ረዱት፤ አበረታቱት።

የሎሴቭን ሥራ ለመረዳት የዚያን ዘመን ራዲዮ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ የብዙ ሰው ራዲዮ ሞገዱን የሚይዘው በአንድ ቁራጭ የማዕድን ድንጋይ ነበር። በድንጋዩ ፊት ላይ አንዲት ቀጭን የብረት ሽቦ ትነካለች፤ የድንጋዩና የሽቦው መገናኛም የኤሌክትሪክን ጅረት በአንድ በኩል ያሳልፋል፤ በሌላው በኩል ይከለክላል። ይህ ክሪስታል የሚሉት ድንጋይ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የደከመውን ድምፅ ማጉላት አይችልም ተብሎ ይታመን ነበር። ድምፅ የሚያጐሉት አየር የወጣላቸው የመስተዋት ቫልቮች ነበሩ፤ እነርሱም ውድ ናቸው፤ ብዙ ኃይልም ይበላሉ።

ሎሴቭ ዚንካይት የሚባለውን ማዕድን ከባትሪ ጋር አያይዞ ሲመረምር፣ በአንዳንድ የድንጋዩ ነጥብ ላይ ቮልቱ ሲጨምር ጅረቱ በመጨመር ፈንታ እንደሚቀንስ አስተዋለ። ይህ ከተለመደው ሕግ የወጣ ነገር ነው። እርሱ ግን መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ አልተወውም። በጃንዋሪ 13 ቀን 1922 በዚህ ጠባይ ተጠቅሞ ክሪስታሉ ያለ ቫልቭ የራዲዮ ሞገድን እንዲያጐላና ራሱም ሞገድ እንዲያመነጭ አደረገ። በዚያን ቀን ዕድሜው ገና 18 ዓመት ከ8 ወር ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት ቆየሁ፤ የእኔም ዕድሜ ይኸው ነውና።

ይህ ሥራው በአገሩ ብቻ አልቀረም። በ1924 በአሜሪካ የሚታተም አንድ የራዲዮ መጽሔት የሎሴቭን መሣሪያ ክሪስቶዳይን ብሎ ሰይሞ ታላቅ ግኝት መሆኑን አስታወቀ። በብዙ አገር የሚገኙ የራዲዮ ወዳጆች እየሠሩ ሞከሩት። ዳሩ ግን ክሪስታሉ ጠባዩ አስቸጋሪ ነበር፤ ደኅናውን ነጥብ በመርፌ ሲፈልጉ መዋል ነበረባቸው፤ ጥቂት ሲነቀነቅም ነጥቡ ይጠፋል። ቫልቮችም እየተሻሻሉና እየረከሱ ስለ ሄዱ የሎሴቭ መሣሪያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተረሳ።

አሁን ወደ ብርሃኑ ነገር እመለሳለሁ። በ1923 ሎሴቭ ካርቦረንደም የሚባለውን ክሪስታል ይመረምር ነበር። ካርቦረንደም ከሲሊከንና ከካርቦን የሚሠራ እጅግ ጠንካራ ነገር ሲሆን፣ በብረታ ብረት ሥራ ቤት ለስለት ማውጫና ለመሞረጃ የሚያገለግለው ድንጋይ ነው። ሎሴቭ የብረት ሽቦውን በዚህ ክሪስታል ላይ አድርጎ ኤሌክትሪክ ባሳለፈበት ጊዜ፣ ሽቦውና ድንጋዩ በተገናኙበት ቦታ አንዲት አረንጓዴ መሳይ የብርሃን ነጥብ ታየችው።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል፤ ይህን ብርሃን በመጀመሪያ ያየው ሎሴቭ አይደለም። ሄንሪ ራውንድ የሚባል እንግሊዛዊ ኢንጂነር በ1907 አይቶት በአንድ መጽሔት ላይ አጭር ማስታወቂያ ጽፎ ነበር። ነገር ግን ራውንድ ነገሩን ገፍቶ አልሄደበትም፤ ማስታወቂያውም ሳይታወቅ ቀረ። ሎሴቭም ስለ እርሱ ሳያውቅ ያንኑ ብርሃን በራሱ አገኘው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከማየቱ ሳይሆን ካዩ በኋላ ከመጠየቁ ላይ ነው። ሎሴቭ በዚች በአንዲት የብርሃን ነጥብ ላይ ብዙ ዓመታት ሠራ፤ ደጋግሞም ጻፈባት።

የመጀመሪያ ጥያቄው እኔ በዚያ ማታ የጠየቅሁት ዓይነት ነበር፤ ይህ ብርሃን የሚመጣው ከሙቀት ነውን? በባለ ክር አምፖል ውስጥ ቀጭኑ ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት እስኪግል ድረስ ይሞቃል፤ ብርሃኑ የዚያ ግለት ነው። የካርቦረንደሙም ነጥብ ግሎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ አዲስ ባልሆነ ነበር። ሎሴቭ ይህን ለማወቅ ያደረገው ሙከራ በቀላልነቱ ያስደንቃል። ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ጠብታ በሚያበራው ቦታ ላይ አደረገና ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ለካ። ነጥቡ ሲያበራም ሆነ ጠፍቶ ሳለ ጠብታው የሚደርቅበት ፍጥነት አልተለወጠም። እንግዲህ ድንጋዩ አልጋለም፤ ብርሃኑ ከግለት የመጣ አይደለም ማለት ነው። የሰው ልጅ ከእሳት ዘመን ጀምሮ ብርሃንን ከትኩስ ነገር ሲያገኝ ኖሯል፤ ይህች ነጥብ ግን ሳትግል ታበራ ነበር።

ከዚህ በኋላ ብርሃኑን በየቀለሙ እየዘረዘረ ከቮልቱ ጋር አነጻጸረው። ሁለት ዓይነት ፍካት መኖሩንም ለየ፤ አንደኛው ጅረቱ በሚያልፍበት አቅጣጫ፣ ሁለተኛው ጅረቱ በሚከለከልበት አቅጣጫ ከፍ ያለ ቮልት ሲሰጠው የሚታየው ነው። የብርሃኑ ቀለም የሚያበቃበት ጠርዝ ከቮልቱ ጋር የተያያዘ መሆኑን ባየ ጊዜም አንድ ትልቅ ሐሳብ አቀረበ። አይንሽታይን በ1905 ብርሃን በብረት ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮንን እንደሚያወጣ አስረድቶ ነበር፤ ሎሴቭ ደግሞ እዚህ የሚታየው የዚያ ግልባጭ ነው፣ ማለትም ኤሌክትሮን ኃይሉን ሲለቅ ብርሃን ይወጣል አለ። አሳቡ በመሠረቱ ትክክል ነበር። ጽሑፎቹም በሩስያ ቋንቋ ብቻ ሳይወሰኑ በ1928 በእንግሊዝ አገር በሚታተም የታወቀ የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጡ።

ብርሃኑ ሙቀትን የማይጠብቅ ስለ ሆነ እጅግ ፈጥኖ ይበራል፤ ፈጥኖም ይጠፋል። ሎሴቭም በዚህ ፍጥነት የቴሌግራፍና የቴሌፎን መልእክት፣ ሥዕልም ጭምር በብርሃን መላክ እንደሚቻል ተረዳ፤ በ1927 ለዚሁ መሣሪያ የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በ1929ም ተሰጠው። ዛሬ ከአገር ወደ አገር የምንልከው ወሬ በባሕር ሥር በተዘረጋ የመስተዋት ክር ውስጥ የሚጓዘው ከሴሚኮንዳክተር በሚወጣ ፈጣን ብርሃን መሆኑን ስናስብ፣ የዚያ ወጣት አሳብ ምን ያህል ወደ ፊት የራቀ እንደ ነበረ እንገነዘባለን።

በ1928 የኒዥኒ ኖቭጎሮድ ላቦራቶሪ ሥራው ወደ ሌኒንግራድ ስለ ተዛወረ ሎሴቭም አብሮ ሄደ። በዚያም ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ዮፌ በሚመሩት የፊዚክስና የቴክኒክ ተቋም ምርምሩን እንዲቀጥል ተጋበዘ። በዚህ ጊዜ የደረሰበት ነገር ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። የሚያበሩትን የካርቦረንደም ክሪስታሎች በጥንቃቄ እየሞረደ፣ የተሞረደውን ፊት በቀጭን መርፌ እየነካካ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያልፍበት መረመረ። ክሪስታሉ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ሳይሆን ጠባያቸው የተለያየ ንብርብሮች ያሉበት ሆኖ ተገኘ። ብርሃኑም የሚወጣው ከመላው ድንጋይ ሳይሆን ንብርብሮቹ ከሚገናኙበት ከቀጭኑ ሥፍራ ነበር።

ይህ ለምን እንደ ሆነ ግን ሎሴቭ ሙሉ በሙሉ ሊያስረዳ አልቻለም። ያንጊዜ የሴሚኮንዳክተር ሳይንስ ገና በጨቅላነቱ ነበርና። ዛሬ በትምህርት ቤት እንደምንማረው በአንደኛው ንብርብር ውስጥ ኤሌክትሮኖች በብዛት ይገኛሉ፤ በሌላው ንብርብር ደግሞ ኤሌክትሮን የጐደለባቸው ባዶ ሥፍራዎች አሉ። ኤሌክትሪክ ሲገፋቸው ሁለቱ በድንበሩ ላይ ይገናኛሉ፤ ኤሌክትሮኑም ከከፍታ ወደ ዝቅታ እንደሚወርድ ውሃ ወደ ባዶው ሥፍራ ይወርድና የተረፈውን ኃይል በብርሃን መልክ ይለቀዋል። የአወራረዱ ከፍታ የብርሃኑን ቀለም ይወስናል፤ ዝቅተኛ ከሆነ ቀይ፣ ከፍተኛ ከሆነ ሰማያዊ ይሆናል። በካርቦረንደም ውስጥ ግን ኤሌክትሮኑ በቀጥታ ብርሃን ለመስጠት አይመቸውም፤ ከሚወርዱት እጅግ የሚበዙት ኃይላቸውን ሙቀት አድርገው ያጠፉታል። የሎሴቭ ብርሃን ደካማ ሆኖ የቀረው በሰውየው ጉድለት ሳይሆን በድንጋዩ ጠባይ ነው።

ሎሴቭ በዚህ ሁሉ ሥራው መካከል ከፍ ያለ የትምህርት ማስረጃ አልነበረውም። ይህም ነገር ጐድቶታል፤ ሥራው ከስሙ በላይ ሆኖ ሳለ የተረጋጋ ሥፍራ ለማግኘት ተቸግሮ ነበር። በመጨረሻ በ1938 በዮፌ አሳሳቢነት የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ሳይጠየቅ ስለ ሠራቸው ሥራዎች ብቻ ካንዲዳት የሚባለው የሳይንስ ማዕርግ ተሰጠው። ከዚያ አስቀድሞ በሌኒንግራድ በአንደኛው የሕክምና ተቋም ፊዚክስ ማስተማር ጀምሮ ነበር።

በጁን 1941 ጀርመን በሶቪየት ኅብረት ላይ ጦርነት ከፈተች። በሴፕቴምበር 8 ቀን የሌኒንግራድ ከተማ በየብስ ተከበበች፤ ከበባውም 872 ቀን ቆየ። ከከተማዋ እንዲወጣ ዕድል ቢሰጠውም ሎሴቭ ሥራውን ትቶ መሄድ አልወደደም። በዚያን ጊዜ በቁስለኛ ሰው ሰውነት ውስጥ የገባውን የጥይት ስባሪ ፈልጎ የሚያገኝ መሣሪያ ሠራ፤ የእሳት አደጋ ማስታወቂያ መሣሪያም ሠራ፤ ለቁስለኞችም ደሙን ለገሰ። ስለ ሲሊከን ያደረገውን አዲስ ምርምር የሚገልጽ ጽሑፍም ወደ ሳይንስ መጽሔት ልኮ ነበር፤ ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ክረምቱ ሲገባ ረኀቡ ጠና። ከኖቬምበር 20 እስከ ዲሴምበር 25 ቀን 1941 ድረስ ከፋብሪካ ሠራተኞች በቀር ለብዙው የከተማ ሕዝብ በቀን የሚታደለው እንጀራ 125 ግራም ዳቦ ብቻ ነበር። ያውም ዱቄቱ ከልዩ ልዩ ነገር የተቀላቀለ ነው። ለሌሎች ደሙን የሰጠው ሰው ራሱ ምግብ አጣ። በጃንዋሪ 22 ቀን 1942 ኦሌግ ሎሴቭ ያስተምርበት በነበረው ተቋም ሆስፒታል ውስጥ በረኀብ ሞተ። ዕድሜው 38 ዓመት ነበር። ክሪስታሉን ድምፅ እንዲያጐላ ካደረገበት ከዚያች የጃንዋሪ ቀን 20 ዓመት ከ9 ቀን ሆኖት ነበር።

ከሞተ በኋላ የጀመረው ሥራ አልሞተም። በ1951 በአሜሪካ የነበሩ ሌሆቬክና ባልደረቦቹ የካርቦረንደምን ብርሃን በሁለቱ ንብርብሮች መገናኛ በትክክል አስረዱ፤ የሎሴቭንም ቀዳሚነት መሰከሩ። በ1962 ኒክ ሆሎንያክ ከሌላ ሴሚኮንዳክተር ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ ሠራ። ሎሴቭ በተመራመረበት በዚያው በሌኒንግራድ ተቋም የሠራው ዦሬስ አልፌሮቭና ጀርመን ተወላጁ ኸርበርት ክሮመር፣ የተለያዩ ሴሚኮንዳክተሮችን በንብርብር አቀናጅቶ ኤሌክትሮኖቹን በመካከለኛው ቀጭን ንብርብር ውስጥ መያዝ እንደሚቻል ስላሳዩ በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በ2014 ደግሞ ደማቁን ሰማያዊ ብርሃን ስላስገኙ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ያንኑ ሽልማት ተቀበሉ። የእጅ ስልኬ ነጭ መብራትም ከዚሁ ሰማያዊ ብርሃን የሚገኝ ነው፤ በላዩ የተቀባው ቅብ ከሰማያዊው ከፊሉን ወደ ቢጫ ይለውጠዋል፤ ሁለቱም ተደባልቀው ለዓይናችን ነጭ ይሆናሉ።

በዚህ መብራት ውስጥ ብርሃኑን የሚሰጠው ንብርብር ውፍረቱ የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ በሆነው መለኪያ ሦስት ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ የራስ ጠጕር በሃያ ሺህ እጥፍ ያህል የቀጠነ ማለት ነው። የዘመናችን ተመራማሪዎች ይህን ንብርብር ለመመርመር በላዩ የሌዘር ብርሃን ያበሩበትና እርሱ በበኩሉ የሚመልሰውን ብርሃን በየቀለሙ ይዘረዝሩታል። ከቀለሙም ንብርብሩ ምን ያህል እንደ ቀጠነ፣ ከምን እንደ ተሠራ፣ ጉድለቱም የት እንዳለ ያነባሉ። መሣሪያቸው ከሎሴቭ ሽቦና መርፌ እጅግ የላቀ ነው፤ ጥያቄያቸው ግን ያው የእርሱ ጥያቄ ነው።

ይህን ታሪክ ስጽፍ በመጪው ወር ስለምንቀመጥበት ፈተና ሳላስብ አልቀረሁም። አንዳንድ ጓደኞቼ ፈተናው ካልተሳካ ሁሉ ነገር አበቃ ይላሉ። እኔ ከሎሴቭ ሕይወት ትምህርት አያስፈልግም የሚል ምክር አላገኘሁም፤ እንዲያውም ማስረጃ በማጣቱ ምን ያህል እንደ ተቸገረ፣ የማስረዳት ኃይሉም የት ላይ እንደ ቆመበት ተመልክቻለሁ። ነገር ግን በር ሲዘጋበት ተላላኪ ሆኖም ቢሆን ወደሚወደው ሥራ መግባቱን፣ ሌላ ሰው አይቶ ያለፈውን ትንሽ ነጥብ ቆሞ መጠየቁን አይቻለሁ። ይህን ለማድረግ ማዕርግ አያስፈልግም፤ በአሥራ ስምንት ዓመትም ይቻላል።

ከዚያ ማታ ወዲህ መብራት በጠፋ ቍጥር የስልኬን መብራት ሳበራ ጣቴን ጠጋ አደርጋለሁ። እናቴም ምን እንደምሠራ ጠይቀውኝ የሎሴቭን ታሪክ ነገርኋቸው። ጨርሼ ዝም ባልሁ ጊዜ፣ ብርሃኑ ሳያቃጥል ለሰው ሁሉ ሲደርስ ሰውየው ግን ዳቦ አጥቶ መሞቱ በጣም አሳዘናቸው። እኔም ይህንኑ ኀዘን ለአንባቢ ሳካፍል፣ ስሙ ቢያንስ በእኛ ትምህርት ቤት እንዳይረሳ በማሰብ ነው።